የሚደወልበት ቁጥር

በሁዳዴ አጋማሽ የሰውየው ስልክ ቻርጅ አልይዝ አለ። ጋራንቲው ስላላለቀ ወደ ገዛበት ሱቅ ሊመልሰው ወሰነ።

መጀመሪያ ግን ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ሰረዘ። መልእክቶቹን አጠፋ፤ ሲም ካርዱንም አወጣ። የሰው ስልክ የሚበረብር አይጠፋም።

ሱቁ ውስጥ የተቀበለችው ልጅ፣ "ጋሼ፣ ሲያልቅ በስንት ቁጥር እንደውል?" አለችው።

ሌላ ስልክ የለውም። የሚስቱን ቁጥር ሰጣት።

በሦስተኛው ቀን ከሥራ ሲገባ ሚስቱ አስካለ ምሳ አቅርባ ጠበቀችው። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

"ደወሉልኝና አመጣሁልህ" አለችው። "ሠሪው ደግ ሰው ነው። ፎቶዎችህ ጠፍተው ቢያገኝ አዝኖልህ ሁሉንም መልሷቸዋል።"

ሰውየው እጁን ሳይታጠብ ተቀመጠ።

"ሽሮው በጾሙ ድስት ነው የተሠራው። ቅቤ በነካው ድስት የተሠራ እንደማትቀምስ አውቃለሁ" አለችና ስልኩን ከፍታ ከሳህኑ አጠገብ አቆመችለት።

ባለፈው ሳምንት ረቡዕ የተነሳው ፎቶ ነበር። ሰውየው ቢላዋ በእጁ ይዞ፣ ጉንጩ በጥሬ ሥጋ ተወጥሮ ይስቃል።