የጩማ ባስኩል

«ጫማህን አውልቅ፤ ጋቢውንም ወዲህ በለው» አለች አገርነሽ፣ ባሏን በክንዱ ደግፋ ባስኩሉ ላይ እያወጣች።

አንጁሎ ጋቢውን ሲያወልቅ የዝንጅብል ነጋዴው ጩማ ዓይኑን ወደ ዝንጅብሉ ጆንያ አዞረ። ያ ሁሉ ትከሻ የት ገባ? የዛሬ ሃያ ዓመት ለጩማ ሚስት ሊጠይቅ ሽማግሌ ሆኖ ሲሄድ ደጃፉን ሞልቶ ነበር የገባው። አሁን ሸሚዙ ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም። ጉበቱ ላይ ካንሰር ከተገኘ አራተኛ ወሩ ነው።

ዕለቱ የሻንቶ ገበያ ነው። ዝንጅብል ይዘው ለመሸጥ የተሰለፉት ገበሬዎች ለበሽተኛው ተራ ለቀው፣ ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። አገርነሽ በየሳምንቱ ባሏን እዚህ ትመዝናለች፤ ለቤቷ ከጩማ ባስኩል የሚቀርብ ሚዛን የለም።

«መቼም አላስተኛሁትም» አለች ለጩማ። «የሶዶ ሆስፒታሏ ሲስተር በትንሽ በትንሹ፣ በቀን ስድስት ጊዜ አብዪው ነው ያለችኝ። እንቁላል ቀቅዬ፣ ባቄላ ፈጭቼ፣ አቮካዶ በወተት መትቼ... ጥሬ ሥጋ እንኳን ሊበላ በደጁም አያልፍ።»

«እንደ አራስ ነው የያዘችኝ» አለ አንጁሎ። «የቀራት አናቴን ቅቤ መቀባት ነው።»

ገበሬዎቹ ሳቁ። ጩማም ሊስቅ አፉን ከፈተና የሚዛኑን መርፌ አየ። የባስኩሉ ሰሌዳ ወደ እሱ ብቻ የዞረ ነው። ባለፈው ሳምንት አርባ ዘጠኝ ኪሎ ነበር፤ ዛሬ አርባ ሰባት ላይ ቆሟል። ቀና ሲል አንጁሎ ፊት ፊቱን ያየዋል፤ አገርነሽም ጋቢውን ደረቷ ላይ አቅፋ ትጠብቃለች። አላስቻለውም።

የጩማ ቀኝ እግር ሙያ አለው። ገበሬ ጆንያውን ሲጭን፣ አውራ ጣቱ ከባስኩሉ ሥር ሾልካ ትገባና ቀስ አድርጋ ከፍ ታደርገዋለች፤ ጆንያው ይቀላል። «ያንተ ሚዛን ሁሌ ጾመኛ ነው» እያሉ ይቀልዱበታል እንጂ እስከዛሬ እጅ ከፍንጅ የያዘው የለም። ዛሬ ያችው እግር ከሥር አልገባችም፤ ከላይ ጫን አለች።

«ሃምሳ» አለ ጮክ ብሎ።

አገርነሽ አፏን በጋቢው ያዘች፤ እንባዋ መጣ። አንጁሎ እንደ ድሮው ትከሻውን ሊያሰፋ ሞከረ። ጩማ ደረቱ ውስጥ ሙቀት ተሰማው፤ ይህች ጣት ለሰው ደግ ስትውል የመጀመሪያዋ ነው።

«እንግዲያው ሶዶ መሄዳችን ቀረ» አለች አገርነሽ፣ አንጁሎን አውርዳ በግንቡ ጥግ ያስቀመጠችውን የልብስ ጓዝ እያነሳች። «አንድ ኪሎ እንኳ ከቀነሰ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ያኑ ቀን ይዘሽው ነይ፤ ሰውነቱ ከከሳ መድኃኒቱን አይችለውም፣ ቶሎ መላ እንፈልጋለን ብላኛለች ሲስተሯ። እኔም ፈርቼ ቅያሪ ልብሱን ቋጥሬ ነው የመጣሁት። ተመስገን፣ ሦስት ሳምንት የቀረውን ቀጠሮ እንጠብቃለን።»

ጩማ ጓዙን ያዝ አደረገባት።

«ለማንኛውም ብትሄዱ አይሻልም?»

«ወፍሬ?» አለ አንጁሎ እየሳቀ። «በሚኒባስ ተንገላትቼ ያገኘሁትን ኪሎ መንገድ ላይ ልበትነው?»

ባልና ሚስቱ ጓዛቸውን ይዘው መንገድ ጀመሩ። ጩማ ወደ ሰልፉ ዞረ። ከፊት የቆመችው ወርቅውሃ ናት፤ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ዝንጅብሏን ለሌላ ነጋዴ ሸጣ አታውቅም። አመል ያወጣል ከመሃል ሲባል ሲሰማ ኖሯል። ዝም ቢል ማን ያውቅበታል? ማንም። እሱ ግን ያቺን ሦስት ሳምንት እንዴት አድርጎ ያድራታል?

«ጋሽ አንጁሎ» ብሎ ተጣራ። «ተመለስና እንደገና ውጣ።»

«ምነው?»

«እግሬ ላዩ ላይ ነበረች። ተጭኜው ነው።»

ገበሬዎቹ ከጆንያቸው ላይ ተነሱ። አንጁሎ ጫማና ጋቢውን አውልቆ ተመልሶ ወጣ። ጩማ ሁሉም እያየው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ።

«እትዬ አገርነሽ፣ ወዲህ ዞረሽ አንቺው አንብቢው።»

አገርነሽ ሰሌዳውን አተኩራ አየችው። «አርባ ሰባት» አለች። ጩማን አልተቆጣችም፤ ለመቆጣትም ጊዜ አልነበራትም። ለባሏ ጫማውን አጠለቀችና ባጃጅ ልትጠራ ወደ አስፋልቱ ሮጠች።

አንጁሎ የጩማን ክንድ ይዞ ወረደ። እጁ ቀላል ነበር። «አይዞህ» አለው፤ ታማሚው ጤነኛውን። «ለትንሽ ጊዜም ቢሆን ደስ ብሎኝ ነበር።»

ባጃጇ ወደ መናኸሪያው ስትታጠፍ ወርቅውሃ ጆንያዋን ባስኩሉ ላይ ጫነች። ወደ ሰሌዳው ግን ዞር አላለችም፤ የምታየው የጩማን እግር ነው። ከኋላዋ የተሰለፈውም ሁሉ እግሩን ያያል።

ጩማ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደና፣ «ዞረሽ አንቺው አንብቢው» አላት።