ፊልሙ ሳያልቅ የመጣ መርዶ

ለበላቸው ኮሜዲ ፊልም ነፍሱ ነው። አሁን ደግሞ ቀልድ የማያረጅበት ዘመን መጥቶለታል። ፊልሙ ሲያልቅ ቴሌቪዥኑ በዚያ ሰዓት ያየውንና የሰማውን ሁሉ ከከፈተው ሰው አእምሮ ጠርጎ ያወጣዋል። በማግስቱ ያንኑ ቀልድ እንደ አዲስ ይስቅበታል። ቀልዶቹን በቃሏ የምታውቃቸው ከጎኑ የምትቀመጠው ሚስቱ ሰናይት ናት።

ዛሬ ማለዳ ፊልሙ ገና እንደ ጀመረ የእድሩ ሽማግሌዎች ገቡ። ታናሽ ወንድሙ ጎሹ ማረፉን አረዱት። በላቸው መሬት ላይ ተንከባለለ፣ ደረቱን ደቃ፤ ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ አብሮት አለቀሰ። በዚያ ሁሉ ግርግር ቴሌቪዥኑን ማጥፋት ለማንም ትዝ አላለውም። ጥግ ላይ ለብቻው ሲቀልድ ቆይቶ ፊልሙን ጨረሰ።

በላቸው ቀና አለ። እርጥብ ጉንጩን በመዳፉ ጠረገና፣ "ዛሬስ በሳቅ ብዛት አልቅሻለሁ መሰለኝ" አለ። ከዚያ ቤቱን የሞላውን ሰው አየ። "ምነው፣ በደህና?"

መርዶውን የነገሩት ሽማግሌ ጋሽ ይርዳው ዳግም ማርዳት ከበዳቸው። የመጀመሪያውን ለመናገርም ሌሊቱን ሲጨነቁ ነው ያደሩት። ሰናይትን አዩዋት፤ እሷ መሬት መሬቱን ታያለች።

"ከመጣችሁማ ቁጭ በሉ፣ አብረን እንይ" አለና ፊልሙን እንደገና ከፈተው።

ለቀስተኛው ተቀመጠ። ሰናይት ልታጠፋው ሪሞቱን አነሳች። በላቸው ግን በመጀመሪያው ቀልድ ከት ብሎ ሳቀና ትከሻዋን መታ አደረጋት።

"ይሄንን ጎሹ ማየት አለበት። ማታ ጥሪልኝ።"