ባለ ሦስት አንቴናው

ለአምስተኛ ጊዜ የኢንተርኔት ራውተሩን ገመድ ነቅዬ፣ እስከ ሠላሳ ቆጥሬ መልሼ እሰካለሁ። አረንጓዴ መብራቶቹ ተራ በተራ ይበራሉ። ልጄ ጸደንያ ኮምፒውተሩ ፊት ሁለት እጇን በራሷ ላይ ትጭናለች።

«አባባ፣ በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ፣ ከእንግዲህ አይንኩት! በነቀሉት ቁጥር መላኩ ከዜሮ ይጀምራል።»

የነፃ ትምህርት ማመልከቻዋ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካልደረሰ አይቀበሏትም። አሁን አሥር ሰዓት ከሩብ ነው። አሮጌው ራውተር እንኳ እንዲህ አላሳፈረንም ነበር። አዲሱን ከደብረ ማርቆስ ያስመጣሁት እኔ ነኝ፤ የገጠምሁትም እኔው። በቢቸና ሠላሳ አራት ዓመት ፊዚክስ ያስተማረ ሰው ሁለት ገመድ ለመሰካት ባለሙያ አይጠራም ብዬ ነበር።

ሆኖም ሰማው መጥቷል፤ የጠራችው ጸደንያ ናት። የስልክ ጥገና ሱቅ ያለው የቀድሞ ተማሪዬ ነው።

«በፊዚክስ አርባ ሁለት ሰጥተውኝ ነበር፤ ዛሬ ይታረምልኝ» ይላል፣ ስልኩ ላይ ጎንበስ ብሎ የራውተሩን ሆድ ዕቃ እያነበበ። እኔ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት እመላለሳለሁ። ከመቶው ስንት እንደ ተላከ፣ ሠላሳ እስኪደርስ ድረስ ጸደንያን አሥር ጊዜ እጠይቃታለሁ።

«ጋሼ፣ ሃያ ሁለት ሰው ገብቷል።»

«ወዴት ነው የገባው?»

«እርስዎ ቤት፣ ኢንተርኔቱ ላይ! ፓስዎርዱን ለማን ሰጡ?»

«ለማኅበርተኛ። የሚካኤል ጽዋ በእኔ ተራ በነበረ ጊዜ ጠየቁኝ፤ ሰጠሁ። አዲሱንም በዚያው ስምና በዚያው ቃል ነው የሞላሁት። የሰጡትን መንሳት ነውር ነው።»

«አሮጌው ከሳሎን በር አያልፍም ነበር። ይኸ ባለ ሦስት አንቴና ግን የሰፈሩን ስልክ ሁሉ እየጠራ ያስገባል። ማኅበርተኛው ለልጁ፣ ልጁ ለጎረቤት ሰጥቶታል።»

«እንግዲያውስ ቀይረው!»

«ስቀይረው የጸደንያም ይቋረጣል። ስንት ደረሰ?»

«ሠላሳ አንድ» ትላለች፣ ዐይኗን ሳትነቅል።

«ያለው አማራጭ ወጥቶ መለመን ነው፤ ግማሽ ሰዓት ታገሡን ብሎ። እኔ ልሂድልዎ?»

ከዚህ ሰፈር እሳት እንኳ ተውሼ አላውቅም። ስሰጥ ነው የሚያውቁኝ።

«ሰው ልኮ አስለመነን ይበሉኝ?» እላለሁ፤ የኮቴን ቁልፍ እየቆለፍሁ እወጣለሁ።

ከአጥሩ ውጭ፣ ድንጋይ ላይ፣ ጎረቤቴ ፈንታነሽ ተቀምጣለች። ስልኳን ከፊቷ አርቃ ይዛ ትስቃለች። ስታየኝ ብድግ ትላለች።

«ጋሼ፣ ይዩልኝማ! ስጦታው ነው! ከሄደ ሁለት ዓመቱ፤ መልኩን ገና ዛሬ አየሁት!»

ስልኩን ወደ እኔ ታዞራለች። ጺም ያበቀለው ልጇ ከአረብ አገር፣ በእኔው መሥመር፣ «ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ?» ይለኛል።

ራሴን ነቅንቄ ሰላምታውን እመልሳለሁ።

«ፈንታነሽ… የልጄ ወረቀት አልሄድ ብሎ ነው። ስልኩን ለግማሽ ሰዓት ያህል… እባክሽ።»

ልጇን ለአፍታ ታየዋለች። «ስጦታው፣ የኔ አባት፣ ቆየኝ፤ መልሼ እደውላለሁ» ትልና በአውራ ጣቷ ታጠፋዋለች። ከዚያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ፣ እንደ እድር ጠሪ ድምፅዋን ወደ ሰፈሩ ትለቃለች።

«የሰፈር ሰው! ስልክ ዝጉ! የጋሼ አካለ ወልድ ልጅ ወረቀቷ አልሄድ ብሏታል! ጋሼ እየለመኑ ነው፤ ዝጉ!»

እየለመኑ ነው። ቃሉን ሌላ ሴት ከማዶ ትቀበላለች፤ ከእርሷም ሌላ። ጆሮዬ ይግላል። ወደ ግቢዬ ልመለስ ስዞር የየደጁ በር ይከፈታል፤ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት፣ ሁለት የማኅበር ወንድሞቼ፣ ስማቸውን ጠይቄ የማላውቅ ተከራዮች ይወጣሉ። አንዱ የዘጋውን ስልኩን ከፍ አድርጎ ያሳየኛል። ቀጥሎ ሌላው። ማንም አይስቅም።

«አርባ አራት!» ይላል የጸደንያ ድምፅ ከመስኮቱ።

«አርባ አራት!» ትላለች ፈንታነሽ፣ የጠፋውን ስልክ ደረቷ ላይ ለጥፋ። ወደ ታች ሰፈር ቁጥሩ ይሄዳል። እኔም ከመንገዱ መካከል፣ ከእነርሱ ጋር፣ አርባ አምስትን እጠብቃለሁ።