የድርቤ ሦስት ጣት

ድርቤ ነቀምቴ ገበያ ደርሳ የቅቤ ተራውን ስታይ ቅርጫቷ ከእጇ ሊያመልጣት ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ከመንደሯ ከዲጋ ቅቤ ስታመጣ ምልክት እንዲሆናት አናቱ ላይ የምታትመው ሦስት ጣት፣ በተራው በተቀመጡት ሰባት ሻጮች ሁሉ ቅቤ ላይ ታትሟል። "የድርቤ ቅቤ፣ ኑ የድርቤ ቅቤ!" ይላሉ ደግሞ፣ እሷው ፊት፣ ሳያፍሩ። አልተጣላችም። ቅቤዋን የጠቀለለችበትን የኮባ ቅጠል ፈትታ የገዛ ምልክቷን በመዳፏ ድምጥማጡን አጠፋችና ከተራው ጫፍ ተቀመጠች። እንግዲህ ማን ያውቀኛል፣ አለች በሆዷ።

ያኔ ዓይናቸው የደከመ የጥንት ደንበኛዋ መጡ። አሮጊቷ እያጎነበሱ ሰባቱንም አሸተው አለፉ። እሷ ጋ ሲደርሱ አሸተቱ፤ ደግመው አሸተቱ።

"ይቺ ናት! መናጫዋን በወይራ የምታጥነው።"

"አኮ፣ ምልክት የለውም እኮ!" አለች ከጎኗ የተቀመጠችው ጎረቤቷ ሻጭ፣ አሮጊቷን በኦሮምኛ አያቴ ብላ ጠርታ።

"ምልክቱን ነው እንዴ የምበላው?"

ድርቤ አፏን በእጇ ያዘች። ሃያ ዓመት በጣቷ የምትታወቅ መስሏት ነበር። ዞር ስትል፣ ጎረቤቷ በራሷ ቅቤ ላይ ያተመችውን ሦስት ጣት በመዳፏ ቀስ ብላ ስታብስ አየቻት።