ግማሹ መጽሐፍ

የመጽሐፍ ሻጩ እህት ሞተር ብስክሌቷን ሳታጠፋ፣ ሄልሜቷን በክንዷ አንጠልጥላ መደብሩ ውስጥ ዘው አለች። አገር አቆራርጣ ልትነዳ መነሳቷ ነበር። “ወንድምዬ፣ ቶሎ በል! ሻንጣዬ የሚችለው አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው። የቱን ልያዝ?”

ቤተሰቡ ሁሉ አትመለስም ብሎ ሲፈራ፣ እሱ ብቻ አብሯት ጓጉቶ ነበር። በረሃ በሞተር ያቋረጠ መምህር የጻፈውን መዘዘ። “ይሄ ያስቃል፤ ግን ጉራ ይበዛዋል።” ተራራ ለተራራ የነዳች አዋላጅ የጻፈችውን ጨመረ። “ይቺ ጎማ መቀየር ታስተምርሻለች።”

“እኔው ላስተምራት!” አለች እየሳቀች።

ያኔ ከባንኮኒው ስር የራሱን ቅጂ አወጣ፤ በሞተር ዓለምን የዞረ ሰው ታሪክ ነው። “ይሄን! ምሳሽን ብትረሺ እንኳ ይሄን እንዳትረሺ።”

በእጇ መዘነችው። “አንተ፣ ይሄማ ጡብ ነው! ከመፍቻዎቼ ሁሉ ይከብዳል።”

ገጽ ባጠፈ ደንበኛ ላይ እንኳ የሚጮኸው ወንድሟ መጽሐፉን ተቀበላትና መሃሉን ገልጦ ለሁለት ቀደደው። የመጀመሪያውን ግማሽ ጃኬቷ ውስጥ ከተተላት።

“አበድክ እንዴ? መጨረሻውስ?”

“መጨረሻው እኔ ጋ ነው። ስትመለሺ ታነቢዋለሽ።”

አየችው፤ ሳቋ ለአፍታ ጠፋ። ከዚያ የጃኬቷን ዚፕ እስከ አገጯ ስባ ወደ ሞተሯ ሮጠች። “እንግዲያው ለማንም እንዳትሸጥብኝ!”