ሁለተኛዋ ጠብታ

ሽማግሌው ከመበየጃ ካውያው ጫፍ ባንኮኒው ላይ የወደቀችው የስታኞ ጠብታ እስክትበርድ ጎንበስ ብለው ጠበቁ። ሽቦ የሚበየድበት ስታኞ የእርሳስ ማዕድን ካለበት ሲበርድ እንደ መስታወት ያበራል፤ የሌለበት ይደበዝዛል። እርሳስ የሌለበት ብዙ ሙቀት ስለሚፈልግ የአሮጌ ሬዲዮ ስስ ሽቦ ያቃጥላል። የእሳቸው ሬዲዮ ሁለት ሽቦዎች ተበጥሰውበት ዝም ካለ ወዲህ ታማሚዋ ሚስታቸው ማንንም አላወቀችም። አዲስ ሬዲዮ ሲከፍቱላት ፊቷን ታዞራለች። በአሮጌው ድምፅ ግን ነቃ ብላ "መጣህ እንዴ?" ትላቸው ነበር።

ጠብታዋ በረደች። አበራች።

"አልኩዎት እኮ አባባ!" አለች ባለሱቋ ራኒያ እየሳቀች። "ጀርሚስተንን ሙሉ ዞረው ለካ እኔ ጋ ነው ያለው። ልጠቅልልዎት?"

"አንድ ጊዜ ድገሚልኝ ልጄ።"

"አይ እርስዎ! ሰው አያምኑም።" የካውያውን ጫፍ በእርጥብ ስፖንጅ ጠረገችና ከስታኞው ጥቅል እንደገና አቀለጠች።

ሁለተኛዋ ጠብታ ስትበርድ ግራጫ ሆነች። የራኒያ ሳቅ ቆመ። ካውያው የአባቷ ነበር፤ ቅድም ያበራው ጫፉ ላይ ከአባቷ ዘመን ተጣብቆ የቀረው ስታኞ መሆኑ ለሁለቱም ገባቸው።

"ሌላ ሱቅስ?"

"ኖ አባባ። እርሳስ ያለበትን አሁን ማንም አያመጣውም። ሶሪ።"

ሽማግሌው የመጀመሪያዋን ጠብታ ከባንኮኒው በጥፍራቸው ፈልቅቀው በመሐረባቸው ጫፍ ቋጠሯት። ከሁለቱ ሽቦዎች ለአንዱ ትበቃ ነበር።