ቁልፉ ኪሷ ውስጥ ነው

እናቷን ከቀበረች ወዲህ እንባ እምቢ ብሏታል። ላቦራቶሪው ተስማማት፤ እዚያ ማንም ለምን አታለቅሺም አይላትም። ሥራዋ ስስ የሥጋ ቁራጭ ላይ ሌዘር እየተኮሰች፣ በምን ያህል ፍጥነት ሞቆ እንደሚቀዘቅዝ በስክሪን መለካት ነው። ዛሬ ተራው የበሬ ልብ ነበር።

ለምሳ ልትወጣ ስትል እንደ ደንቡ ሌዘሩን አጥፍታ፣ የማስነሻ ቁልፉን ነቅላ ኪሷ ከተተችው። ስክሪኑ ላይ ያለው የሙቀቱ መስመር ግን አሁንም ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል።

“አጥፊው እንጂ ልጄ፣ ሥጋው አሮ ሊያልቅ ነው!” አሉ አብረዋት የሚሠሩት ሽማግሌ።

“ጠፍቷል ጋሼ።” ቁልፉን አውጥታ አሳየቻቸው።

ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ። “ታዲያ በራሱ ይሞቃል እንዴ? ልክ የልብ ትርታ አይመስልም?” ብለው ሳቁ። “እስኪ ካንቺ ጋር አስተያዪው፤ የማን ይፈጥናል?”

ደስ ይበላቸው ብላ ሁለት ጣቶቿን አንገቷ ላይ አሳረፈች። ትንሽ ዝቅ አደረገቻቸው። ወደ ሌላኛው ጎን አዞረቻቸው።

“እህስ?”

“አንዴ ይቆዩ ጋሼ፣ እየፈለግኩት ነው።”

ሽማግሌው እየሳቁ የእጇን አንጓ ያዙ። ጠበቁ። ሳቃቸው ቀስ በቀስ ከፊታቸው ጠፋ።

ከኋላቸው መስመሩ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ።